«ወልደሽ ነው፣ ቻይው» ለተባለችው እህቴ

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 24 ነው። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አልሐምዱሊላህ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው፤ ወንድ ነው። ምጡ በጣም ረዝሞ ልጁ በቫኪዩም ወጣ። ክፉኛ ስለ ተቀደድኩ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው ሰፉኝ። ‹ሦስተኛ ደረጃ ነው› ሲባባሉ ሰምቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። የሰጡኝን ማስታገሻ ለሦስት ቀን ወሰድኩና አማቴ ‹ወተትሽን ያበላሽብሻል› ስላሉኝ አቆምኩ። አሁን መቀመጥ አልችልም። ሽንት ቤት መሄድ ስለምፈራ ምግብ ቀንሻለሁ፤ ሰገራ ከወጣሁ አምስት ቀን ሆነኝ። ጠያቂዎቹ ሁሉ ‹ወልደሽ ነው፣ ቻይው፤ እኛም ችለን ነው› ይሉኛል። አማቴ ደግሞ ወይባ ልታጠን ይላሉ። ሌላም የማፍርበት ነገር አለ፤ እንግዳ በተቀመጠበት አየር ሳላስበው ያመልጠኛል። ይህን ለባለቤቴ እንኳን አልነገርኩትም። ካለፉት ሁለት ቀናት ወዲህ ሕመሙ ብሶ ይጠዘጥዘኛል፤ የሚፈሰኝ ነገር ሽታውም ተለውጧል፤ ሲመሽ ብርድ ብርድ ይለኛል። ይህ ሁሉ የተለመደ ነው?
ሐ.፣ ከኮምቦልቻ»

እህቴ ሐ.፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽ እጄ እንደገባ ይህ ዓምድ እስኪወጣ አልጠበቅሁም። «ዛሬውኑ ሄደሽ ታዪ» ብዬ የላክሁብሽ በመጨረሻ በጻፍሻቸው ጥቂት ቃላት ምክንያት ነው። የመቀመጡም የሽንት ቤቱም ጭንቀት ለሁለት ቀን ሊቆይ ይችል ነበር። በየቀኑ መቀነስ የነበረበት ሕመም ተመልሶ ሲጠዘጥዝ፣ ሽታ ሲለወጥና ማታ ማታ ብርድ ብርድ ሲል ግን ቁስሉ እየተመረዘ ነው ማለት ስለሆነ ፋታ አይሰጥም። በማግሥቱ መታየትሽን፣ ስፌቱም ሳይፈታ ተደርሶበት ጸረ ባክቴሪያ መጀመርሽን ስትጽፊልኝ እፎይ አልኩ። ሕመሙ ቢተውሽም መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨርሺው።

ደብዳቤሽ እንዲወጣ የፈቀድሽው ለሌሎች አስበሽ ነውና ለሚያነቡት አራሶች አደገኞቹን ምልክቶች አስቀድሜ ልናገር። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ መድረስ ወይም መንቀጥቀጥ፣ መግል ወይም የሚከረፋ ፈሳሽ፣ የስፌት መከፈት፣ ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር ሕመም፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ሰገራ በብልት በኩል መውጣት፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም። ከእነዚህ አንዱን ያየች አራስ ሌሊትም ቢሆን ትሂድ። ኮምቦልቻ ያለች በቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትሂድ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎ ጠመዝማዛ ለተሰፋች ሴት እንደሚከብዳት አውቃለሁ። ማስታገሻዋን ከመነሣቷ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ትውሰድ፤ መኪናው ውስጥ ጎኗን ሰጥታ ትተኛ እንጂ መንገዱን ፈርታ አትቅር።

አሁን ወደ «ቻይው» ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ያሉሽ ሴቶች ክፉ አስበው አይደለም። እነሱ የቻሉት ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው፤ ብዙዎቹም በአዋላጅነቴ ዘመን እንዳየሁት ከወለዱ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ጉዳት ይዘው ይኖራሉ። ደግሞም መቀደድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ቆዳ ብቻ ሲላጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስፌትም አይፈልግም። ሁለተኛው ከቆዳው ሥር ያለው ጡንቻ ሲቀደድ ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ብዙ ሴቶች የሚሰፉት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ፊንጢጣን የሚቋጥረው ጡንቻ ድረስ ይደርሳል። አራተኛው ከዚያም አልፎ የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ይከፍታል። አንቺን ያገኘሽ ሦስተኛው ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል የገባሽውም ይህ ጡንቻ በጥሩ ብርሃንና በበቂ ማደንዘዣ ጫፍና ጫፉ ተፈልጎ መጋጠም ስላለበት ነው። ይኸው ሥራ ክንድሽ ላይ ወይም ሆድሽ ላይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ማንም በ12ኛው ቀን «ቻይው» አይልሽም ነበር። ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ ይተኛል፣ ቁስሉ ይታያል። አንቺም የሚገባሽ ይኸው ነው፤ ቦታው የሚታፈርበት ስለሆነ አይቀነስም።

«በደንብ ስላልገፋሽ ነው» ወይም «ስለ ጮኽሽ ነው» የሚልሽ ካለም አትቀበዪ። የመጀመሪያ ወሊድ መሆኑ፣ የምጡ መርዘም፣ የልጁ ክብደት፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መምጣቱ፣ በመሣሪያ መጎተቱ፣ እነዚህ ናቸው ለእንዲህ ዓይነቱ መቀደድ የሚያጋልጡት። አንዱም የአንቺ ጥፋት አይደለም።

ማስታገሻውን በተመለከተ፣ አማትሽ ለወተቱ መጨነቃቸው ለልጅ ልጃቸው ማሰባቸው ነው። ይሁን እንጂ ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም ወደ ጡት ወተት የሚያልፉት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ለምታጠባ እናት በቅድሚያ የሚታዘዙትም እነዚሁ ናቸው። ለልጁ የሚከፋው እናቱ በሕመም ምክንያት ሳትበላና ሳትተኛ መዋሏ ነው።

ብዙ አራሶች የሚጎዱት በአወሳሰዱ ነው። ሕመሙ ካየለ በኋላ አንድ ፍሬ ይውጣሉ፤ ይህ አልያዘኝም ብለው ደግሞ ይተዉታል። የእንዲህ ያለ ቁስል ማስታገሻ የሚወሰደው በሰዓቱ ነው፤ ሕመሙ እስኪቀሰቀስ አይጠበቅም። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳይበልጥ። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም የጉበት ችግር ካለብሽ መጠኑ ስለሚቀንስ አስቀድመሽ ጠይቂ። በዚህ ላይ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ከበላሽ በኋላ። ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ስለሆነ አብረው ሲወሰዱ ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ያስታግሳሉ። አይቡፕሮፌን ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ አስም ወይም በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት ለነበረባት ሴት ሐኪም ሳይፈቅድ አይሰጥም። ዳይክሎፌናክ ታዝዞልሽ ከሆነ የአይቡፕሮፌን ወገን ነውና አትደራርቢያቸው። አስፕሪን ለሕመም ብለሽ አትውሰጂ። ከጎረቤት የሚመጣ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት ፍሬም ይቅርብሽ፤ የአንቺን ሆድ ያደርቃል፣ በወተት በኩል አልፎም ሕፃኑን ሊያፈዝዝና አተነፋፈሱን ሊያውክ ይችላል። በፊንጢጣ የሚከተት ማስታገሻ የሚሰጥሽ ባለሙያ ካለም ሦስተኛ ደረጃ ተቀድደሽ መሰፋትሽን ንገሪው፤ የተሰፋው እዚያው ላይ ስለሆነ ለአንቺ አይሆንም። ሕመሙ እየለቀቀሽ ሲሄድ በመጀመሪያ አይቡፕሮፌኑን፣ ቀጥሎ ፓራሲታሞሉን እየቀነስሽ ትተዪዋለሽ። ማስታገሻ ትኩሳትን ሊሸፍን እንደሚችልም አትርሺ፤ ስለዚህ ሙቀት የለኝም ብለሽ ሽታንና መግልን ችላ አትበዪ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሽንት ቤቱ ፍርሃት ነው። የአንቺ ዓይነት ቁስል ያለባት ሴት ሁሉ «ስፌቱ ይበጠሳል» ብላ ትፈራለች። ስትፈራ ትይዘዋለች፤ ሲያዝ ውሃው ይመጠጥና ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ያሠቃያታል፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃቷ እጥፍ ይሆናል። ምግብ መቀነሱም አያድንሽም፤ አንጀትሽን ያሰንፈዋል፣ ቁስልሽ የሚድንበትንም ጉልበት ይወስዳል። ለስላሳ ሰገራ ስፌት አይበጥስም። ጉዳት የሚያመጣው ድርቀትና ማማጥ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ የተሰፋች ሴት ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ ላክቱሎስ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለአሥር ቀን ያህል ሊታዘዝላት ይገባል። ካልታዘዘልሽ ወይም ካለቀብሽ አሁኑኑ ሄደሽ «አምስት ቀን ሆነኝ» በይ፤ መጠኑን እነሱ ይወስኑልሻል። የሚፈለገው ለስላሳ ሆኖ እንዲወጣ ብቻ ነው። ተቅማጥ ከሆነብሽ መጠኑን ያስቀንሱልሽ፤ የተሰፋ ጡንቻ ቀጭን ሰገራ መያዝ ያቅተዋል፣ ቁስሉም ይቃጠላል። የጉሎ ዘይት፣ ኮሶና የመሳሰሉት ኃይለኛ ማስቀመጫዎች አይነኩ። ሆድ እንዲታጠብልሽም አትፍቀጂ።

የገንፎው ነገር ያሳስበኛል። ገንፎ የአራስ ክብር ነው፣ አልነካብሽም፤ ግን ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ገንፎ፣ ማታ ሥጋ ብቻ ከሆነ ሆድ ይደርቃል። ጎመን፣ ምስር፣ ቂንጬ፣ የአጃ አጥሚት፣ ተልባ ይጨመሩበት። የኮምቦልቻ ሙቀት የሚያደርስልሽ ፓፓያና ብርቱካን ደግሞ አለልሽ፤ ለጠያቂዎችሽ «ስኳር ከምታመጡ ፓፓያ አምጡልኝ» ብትያቸው ማንም አይቀየምም። በርበሬውን ለጥቂት ሳምንታት ቀነስ አድርጊው፤ አፍ ላይ ያቃጠለ ሲወጣም ያቃጥላል። ውሃውን ልጅሽን ባጠባሽ ቁጥር አንድ ትልቅ ብርጭቆ አድርገሽ ያዢው። እሱ ሽንትሽንም ስለሚያቀጥነው ቁስልሽ ላይ ሲያልፍ የሚለበልብሽ ይቀንሳል።

ሰዓቱን ምረጪ። ቁርስና ትኩስ ነገር ከተወሰደ በኋላ አንጀት በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ማስታገሻሽን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ ውሰጂ። ስትሄጂ ንጹሕ ሞዴስ ወይም የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይዘሽ ቁስሉን ከፊት በኩል ደግፊው፤ እጅሽ እዚያ ሲኖር «የሚፈታ» የሚመስለው ስሜት ይቀንሳል። ትንፋሽሽን ይዘሽ አታምጪ፤ አፍሽን ከፍተሽ በቀስታ እያስወጣሽ ሰውነትሽ ራሱ እንዲገፋው ጠብቂው። የመቀመጫ ሽንት ቤት ካላችሁ እግርሽን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አሳርፊ። የጉድጓድ ከሆነ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ቁጢጥ ማለቱ ስፌቱን ስለሚወጥረው ቀዳዳ ያለው ወንበር ወይም ፖፖ ቢዘጋጅልሽ ጥሩ ነው፤ ካልሆነም የምትደገፊው ነገር ይኑር፣ አትቆዪ። ካልመጣ ተነሽ፤ ነገ አለ።

አጠባበቁን በአጭሩ ልንገርሽ፤ አንቺ በውሃ መታጠብ ልማድሽ ስለሆነ አይከብድሽም። ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ በጆግ ይዘሽ ሽንትሽን እየሸናሽ አፍስሽበት፤ ማቃጠሉ ወዲያው ይቀንሳል። ሰገራ ከወጣሽ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ እንጂ ከኋላ ወደ ፊት አይሁን፤ ከዚያም ሳትፈትጊ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂው። ሞዴስሽን ባይሞላም በየሦስትና አራት ሰዓቱ ለውጪ። ጨው፣ ዴቶል፣ ቅቤ፣ ቅጠል፣ ማር፣ አንዱንም አትጨምሪ። በቀን አንድ ጊዜ በእጅ መስታወት ተመልከቺው ወይም እህትሽ ታየው፤ ያላየሽውን ቁስል መባሱንም መሻሉንም ማወቅ አትችዪም።

እህቴ፣ ወይባው ላይ ከአማትሽ ጋር እንዳትጣዪ እፈልጋለሁ። የወሎ ሴት የአራስ ቤቷ ያለ ወይባና ያለ ቦለቅያ ሽታ ባዶ እንደሚመስላት አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁት በዚያ ጢስ ነው። አማትሽ ሊያድኑሽ ነው የሚፈልጉት። ነገር ግን በክር የተያዘ፣ ገና ያበጠና ስሜቱ የተዛባ ቦታ በፍም ላይ ሲንጠለጠል ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅሽ ትቃጠያለሽ፤ ላቡም ስፌቱን ያረጥበዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጤስ ከሰል ደግሞ ሽታ በሌለው መርዘኛ ጋዝ እናትንም ሕፃንንም ይገድላል። ስለዚህ «አልፈልግም» አትበያቸው። «እማማ፣ ከአርባው በኋላ ሐኪሙ ቁስሉ ጠግጓል ሲለኝ በእጅዎ ያጥኑኛል» በያቸው። ያን ጊዜም ልጁ በሌላ ክፍል፣ በሩም ክፍት ይሁን።

ለአዲስ አራሶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአንቺ ጊዜው አልፏል። ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት እብጠቱ ሲከፋ ከሁሉ የሚጠቅመው ቅዝቃዜ ነው። በረዶ ወይም በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ነገር በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለ10 እና 15 ደቂቃ ቁስሉ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይነሣና በየጥቂት ሰዓቱ ይደገማል። በረዶው በቀጥታ ቆዳ ላይ አያርፍም። «አራስ ብርድ ይመታታል» ብለው የሚከለክሉ እናቶች አሉን፤ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ይህን ማለታቸው አይፈረድባቸውም። ትከሻዋና እግሯ በጋቢ ይሸፈን፣ አጥሚቷን ትጠጣ፤ የሚቀዘቅዘው መዳፍ የምታክለዋ ቦታ ብቻ ናት።

ልጅሽን ጎንሽን ሰጥተሽ ተኝተሽ አጥቢው። መቀመጥ ግድ ሲሆን በታጠፈ ጋቢ ወይም በለስላሳ ትራስ ላይ ክብደትሽን ወደ አንድ ወገን አድርጊ። ብዙ አትቁሚ፤ እብጠቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከልጅሽ የሚከብድ ነገር ለስድስት ሳምንት አታንሺ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ መሆኑን ቤተሰቡ ይወቀው። እንግዳ ሲመጣ ተነሥተሽ መቀመጥ የለብሽም፤ አራስ ተኝታ ትጠየቃለች፣ ማንም አያማሽም። በኒፋስ (በአራስነት የደም ጊዜ) ላይ ስለሆንሽ ሶላቱም ጾሙም ከአንቺ ተነሥቷል፤ ፈጣሪ ያሳረፈሽን ሰው አያስነሣሽ።

አሁን ለባለቤትሽ እንኳን ያልነገርሽው። አየር ማምለጡ ይህን ጡንቻ ከተሰፉ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚያጋጥም ነገር ነው። ጡንቻው ደክሟል፣ ነርቮቹም በምጡ ተጎትተዋል። ንጽሕና ማጣት አይደለም፤ የአስተዳደግም ጉዳይ አይደለም። በደንብ ከተሰፉት ሴቶች ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ከዓመት በኋላ ምንም ምልክት አይታይባቸውም። ወደዚያ ለመድረስ የዳሌሽን ወለል ጡንቻዎች ሥራ ማስያዝ አለብሽ። ሽንትንና አየርን በአንድ ጊዜ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ፤ ቂጥሽንና ጭንሽን አታጥብቂ፣ ትንፋሽሽንም አትያዢ። እስከ አምስት ቆጥረሽ ልቀቂ፤ ያንኑ ያህል አርፈሽ ድገሚ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቁስሉ ተመርዞ ስለነበር ስትጀምሪ በጣም በቀስታ ይሁን፤ ካመመሽ ጥቂት ቀን አሳልፊው። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚንቀሳቀስ አይመስልሽም፤ ሳትተዪው በወራት ይመጣል።

ከሦስት ወር በኋላም አየር ወይም ሰገራ የሚያመልጥሽ ከሆነ ወይም እስክትደርሺ መያዝ ካቃተሽ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም እንዲያይሽ ጠይቂ። ይህ የሚታከም ነገር ነው። ደብዳቤሽ ላይ ባላየውም ለሌሎች ስል ልጨምር፤ ሽንት ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብባት ወይም ሰገራ በብልት የሚመጣባት ሴት ፊስቱላ ሊሆንባት ይችላልና አትደበቅ። በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአዲስ አበባ በተቋቋመው በሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልና ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልል ባሉት ማዕከሎቹ ሕክምናው በነጻ ይሰጣል።

ለባለቤትሽ ንገሪው። አፍ አውጥቶ መናገር ከከበደሽ ይህን ክፍል አስነብቢው። ወንድሜ፣ ሚስትህ ከባድ ኦፕራሲዮን ተደርጎላታል። የማስታገሻዋን ሰዓት አንተ ያዝላት፤ ውሃውን አንተ ቅዳ፤ ወደ ሕክምና ስትሄድ አብረሃት ሂድ፤ «እናቴ ብላለች» ከማለትህ በፊት ሐኪሙ ያለውን አስቀድም። ግንኙነትን በተመለከተ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሞልቶ፣ ቁስሉ መዳኑ ታይቶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሷ ራሷ ዝግጁ ነኝ ስትል ነው። የምታጠባ ሴት ሰውነቷ ስለሚደርቅ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ከፋርማሲ ያስፈልጋት ይሆናል። ካመማት ይቆማል፤ በትዕግሥት የሚታለፍ አይደለም። የወሊድ መቆጣጠሪያውንም ከዚያ በፊት አብራችሁ ጠይቁ።

እህቴ፣ ማልቀስሽን አልጻፍሽም፤ ነገር ግን ከመስመሮችሽ መካከል ይሰማኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ሲብስ የብዙ እናት ነው። ሁለት ሳምንት አልፎም ኀዘኑ ካልለቀቀሽ፣ ልጅሽን ማየት ካስጠላሽ ወይም ራስሽን ስለ መጉዳት ካሰብሽ ግን ለሕመሙ እንደሄድሽ ሁሉ ለዚህም ሂጂ፤ ይህም ሕክምና አለው።

ስለ ሥራሽ ባትጠይቂኝም ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ ስለሚገባኝ ዝም አልልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለሽ። ቶሎ ተመለሺ ብሎ የሚገፋሽ ቢኖር ይህን ቁጥር ጥቀሺ። ከ90 ቀን በኋላም መቀመጥ ካልቻልሽ የሐኪም ማስረጃ ይዘሽ የሕመም ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ፤ በዚሁ ሕግ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ይከፈላሉ። ስለዚህ ዛሬ የሚሰጥሽን እያንዳንዱን የሕክምና ወረቀት አትጣዪ።

ሕመሙ መቼ ያበቃል? የቆዳው ቁስል በሁለትና ሦስት ሳምንት ይገጥማል፤ የአንቺ ስለ ተመረዘ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል። ጡንቻው ግን ጊዜ ይፈልጋል። አብዛኞቹ ሴቶች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ማስታገሻ መቀመጥ ይጀምራሉ፤ እየቀነሰ እስከ ሦስት ወር የሚቆይባቸውም አሉ። ክሩ ራሱ ይሟሟል፤ ቁርጥራጩ ሞዴስሽ ላይ ቢታይሽ አትደንግጪ።

ልጅሽ በስድስተኛው ሳምንት ክትባት አለው። ያን ቀን ሁሉም ሰው ልጁን ያያል፣ ይመዝናል፣ ይወጋል፤ እናቲቱን ብዙ ጊዜ «ደህና ነሽ?» ብሎ ማለፍ ነው። አንቺ ግን «ሦስተኛ ደረጃ ተቀድጄ ተሰፍቻለሁ፤ ቁስሌን እዩልኝ» በይ። ሴት አዋላጅ እንድታይሽ መጠየቅም መብትሽ ነው። አየር እንደሚያመልጥሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ካልተናገርሽው ማንም አይጠይቅሽም። የመቀደዱ ደረጃ፣ የተሰፋበት ቀንና መመረዙ ካርድሽ ላይ እንዲጻፍልሽ አድርጊ። በሚቀጥለው እርግዝናሽ የሚከታተልሽ ባለሙያ ይህን ማወቅ አለበት። ከዚህ በኋላ በምጥ የሚወልዱ ብዙ ናቸው፤ ምልክቱ ያልለቀቃት ሴት ደግሞ በኦፕራሲዮን መውለድ ሊመከርላት ይችላል። ያ ውሳኔ የሚጀምረው ከዚህች ካርድ ስለሆነ ከልጅሽ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጫት።